«መቼ?» ለሚለው ጥያቄ ልጆቻችን እንዴት ይመልሱ?

ሕፃን ልጅ አንደበቱ ከተፈታ በኋላ ወላጆቹ የሚያቀርቡለትን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመመለስ አይችልም። «ይህ ምንድን ነው?» «እናትህ የት አለች?» «ማን ሰጠህ?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱን በዓይኑ አይቶ በጣቱም ጠቁሞ ይሰጣል። «መቼ?» በተባለ ጊዜ ግን የሚያየውም የሚጠቁመውም ነገር የለውምና ይቸገራል። ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ «መቼ መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከአያቴ ቤት» ብሎ ቢመልስ፥ ወይም ያለፈውን ሁሉ «ትናንት» እያለ ቢጠራው ሊያስገርመን አይገባም። ይህን የሚያደርገው ሰንፎ ወይም ዋሽቶ አይደለም፤ ጊዜ የማይታይና የማይዳሰስ ስለ ሆነ ነው እንጂ። ሊቈጣው ሳይሆን ሊመራው የሚገባ ሰው ያስፈልገዋል።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታያቸው ወላጆች ይኖራሉ። ነገር ግን እንደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ ባለ ቆላ አገር ለሚኖር ቤተ ሰብ ትንሽ አይደለም። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች፥ ሙቀትና እርጥበት የማይለያት፥ የወባ ትንኝም የምትራባባት ስፍራ ናት። የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ በደረሰ ጊዜ ሐኪሙ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ትኩሳቱ የጀመረው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ወባ በሕፃናት ላይ በፍጥነት ስለሚበረታ ትኩሳት የያዘው ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲመረመር ጤና አዋቂዎች ይመክራሉ። እናት ገበያ ውላ፥ አባት ከሥራ አምሽቶ ቢመለስ፥ ሕመሙ የተሰማው ልጅ ብቻ ነውና የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ከምሳ በፊት ራሴን አመመኝ» ለማለት የሚችል ልጅ ለራሱ ትልቅ አገልግሎት አደረገ ማለት ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ከምን ይጀምር? ብዙዎቻችን ሰዓት ከማሳየትና ቍጥር ከማስቈጠር እንጀምራለን። የባሮ ዳር ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በዚህ ወንዝ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጋምቤላም ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች የሚያራግፉባትና ቡና የሚጭኑባት ወደብ ሆና ቈየች። መርከቦቹ ግን እስከዚያ ድረስ ለመዝለቅ የሚችሉት ባሮ ሲሞላ፥ በክረምት ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ በዚያ ወደብ «መርከቡ መቼ ይመጣል?» ለሚል ሰው ትክክለኛው መልስ የሰዓት ቍጥር ሳይሆን «ወንዙ ሲሞላ» የሚለው ነበር። ጊዜን በድርጊት መናገር አለማወቅ አይደለም።

ይህንንም ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች መማር ይቻላል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. ስለ ኑዌር ሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የቀኑን ሰዓት የሚለዩት በከብቶቻቸው ሥራ መሆኑን ገልጦ፥ ይህንኑ «የከብት ሰዓት» ብሎ ሰይሞታል። ከብቶቹ ከጋጣ የሚወጡበት፥ የሚታለቡበት፥ ለግጦሽ የሚነዱበትና ወደ ቤት የሚመለሱበት ጊዜ ቀኑን ይከፋፍለዋል። የእኛ ደገኛ አባቶችም «ዶሮ ሲጮህ»፣ «ከብት ሲገባ» ሲሉ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። በጋምቤላ የአኙዋ፣ የኑዌርና የመዠንግር ልጆች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ። አማርኛ ለሚጨመርላቸው ልጆች መምህሩ አስቀድሞ በቤታቸው የሚያውቁትን የቀን ሥርዓት ቢጠይቃቸው፥ ባዶ ቃል ከማስጠናት ይድናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ የቀኑን ሥራ በቅደም ተከተል መናገር ነው። ለዚህም አማርኛችን የተመቸ ነው። ልጁ «ታጥቤ፥ ቁርሴን በልቼ፥ ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ» ሲል ማንም ሳያስተምረው ሦስት ነገሮችን በየተራቸው አሰለፈ። ወላጅ ማታ ማታ «ዛሬ ምን ምን አደረግህ? ከዚያስ በኋላ?» እያለ ይህን ሰልፍ ቢያስረዝመው ከሰዓት ሥዕል ይልቅ ይጠቅማል። ቀጥሎ ሦስቱን መለያዎች አንድ በአንድ ያስለምደው፤ እነዚህም «ከበላሁ በኋላ»፣ «ከመብላቴ በፊት»፣ «ስበላ» የሚሉት ናቸው። ልጁ ራሱ «አባባ መቼ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅም «በ11 ሰዓት» ከማለት «ቡና ከተጠጣ በኋላ» ማለት ይሻላል፤ ቡናው ሲጠጣ ያየዋልና።

ልጁ መልስ ቢያጣ ጥያቄውን ማጥበብ እንጂ መልሱን መንገር አይገባም። «ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ?» እንበለው። ሕፃን ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሰማውን ቃል ስለሚደግም፥ ቈየት ብለን ጥያቄውን ገልብጠን «ከምሳ በኋላ ነው ወይስ በፊት?» እንበል። መልሱ ካልተለወጠ ልጁ በእርግጥ ያስታውሳል ማለት ነው። ስለ ሕመም በምንጠይቀው ጊዜ ይህን ጥንቃቄ ከቶ መርሳት የለብንም።

ሁለተኛው ደረጃ ቀንና ወር ነው። በዚህ ረገድ የኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ ልጅ የታደለ ነው፤ ቀኖቹ እንደ ጓደኞቹ ስም አላቸውና። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም መሆኑን ከእናቱ አፍ ይሰማል። ረቡዕና ዓርብም በሚቀርበው ምግብ ተለይተው ይታወቁታል። «አክስትህ የመጣችው መቼ ነው?» ቢባል «የሚካኤል ዕለት» ብሎ የመለሰ ልጅ እውነተኛ ቀን ተናገረ። ከዚያ በኋላ «ስንት ቀን ሆነው?» እያሉ በጣት ማስቈጠር ይቻላል። «ከትናንት ወዲያ»፣ «ከነገ ወዲያ»፣ ቈይቶም «ዘንድሮ»፣ «አምና»፣ «ለከርሞ» የሚሉት ቃላት በዚህ ላይ ይጨመራሉ። አምናና ዘንድሮን ለመለየት ደግሞ የባሮ መሙላትና መጕደል ለዚያ አገር ልጅ ከሁሉ የሚቀርብ ምልክት ነው።

ሰዓት ማንበብ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ ልጁ ቍጥርን በደንብ ከለየ በኋላ ነው። በዚህም ላይ ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ሦስት መሰናክሎች አሉ። አንደኛው የቃሉ ነገር ነው። በአማርኛ «ሰዓት» ማለት በግድግዳ የተሰቀለው መሣሪያም፥ የ60 ደቂቃ ርዝመትም፥ የቀኑ ነጥብም ነው። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ትርጕም ስላለው፥ ለልጅ «በስንት ሰዓት» እና «ለስንት ሰዓት» እያልን ለይተን እንጠይቅ። ሁለተኛው የሁለት አቈጣጠር ነገር ነው። እኛ ጧት 1 ሰዓት የምንለውን የእጅ ስልካችን ብዙ ጊዜ 7 ብሎ ያሳያል። ልጁ በአገሩ አቈጣጠር እስኪጸና ድረስ አንዱን ብቻ ማስተማር፥ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ግን ኋላ ማስረዳት ይበጃል።

ሦስተኛው የፀሐይ ነገር ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች ቀንና ሌሊት እኩል ለመሆን ጥቂት ይቀራቸዋል፤ ስለዚህ ከንጋት ጀምሮ መቍጠራችን ለልጅ የሚገባ ነው። ይሁን እንጂ አገሪቱ በሙሉ በአንድ ሰዓት ስለምትሠራ፥ በምዕራብ ባለችው ጋምቤላ ፀሐይ የምትወጣው ከአዲስ አበባ ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። የቀትር ፀሐይም ከፍታዋን የምትጨርሰው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ የጋምቤላ ልጅ ጥላውን አይቶ «ገና 6 ሰዓት አልሆነም» ቢል አይሣቅበት፤ ፀሐይን ተመልክቶ እንጂ ያለ ምክንያት አልተናገረም።

ከዘዴዎች ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። ልጅ የጊዜን ቃል የሚማረው ከአነጋገራችን ብቻ ሳይሆን ከአድራጎታችን ነው። «አሁን እመጣለሁ» ብላ ወጥታ በምሽት የምትመለስ እናት «አሁን» የሚለውን ቃል ታፈርስበታለች። ልጁ ደብተር እንዲገዛለት በለመነ ቍጥር «ነገ» የሚል አባትም «ነገ» ማለት «አይሆንም» ማለት እንደ ሆነ ያስተምረዋል። እንዲህ ያደገ ልጅ «መቼ?» ሲባል እንደ መጣለት ቢመልስ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ የማይፈጸመውን «አይቻልም» እንበል፤ «ከቡና በኋላ» ካልን ደግሞ ከቡና በኋላ እንፈጽመው። በቤቱ ያሉ ታላላቆች የጊዜን ቃል ካከበሩ፥ ታናናሾቹ ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት ብዙ አይቈዩም።