አዳራሽ ለማሠራት የሚሰጥ፣ አዳራሹን ለማኖር የሚጠየቅ

በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የካውፍማን የትርኢት ጥበባት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት 413 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር። ከዚህ ውስጥ 40 ሚሊዮኑ ለግንባታ ያልዋለ፣ ለወደፊቱ የተቀመጠ ገንዘብ ነው። የመኪና ማቆሚያውን የከተማው አስተዳደር ቢያሠራም፣ ማዕከሉ ራሱ የቆመው በግለሰቦች፣ በቤተሰብ ፋውንዴሽኖችና በኩባንያዎች ልገሳ ነው። ሞሼ ሳፍዲ የነደፉት ሕንፃ 1,800 መቀመጫ ያለው ቴአትር ቤትና 1,600 ሰው የሚይዝ የሙዚቃ አዳራሽ ሲኖረው፣ የአካባቢው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ ኦፔራና ባሌ በቋሚነት ይሠሩበታል።

የሀብቱ ምንጭ መድኃኒት ነው። ዩዊንግ ካውፍማን በ1950 በመኖሪያ ቤታቸው ምድር ቤት የጀመሩት ሥራ፣ ማሪዮን ላቦራቶሪስ የተባለ ትልቅ ኩባንያ ለመሆን በቃ። የማዕከሉ ሐሳብ ግን የባለቤታቸው የሙሪየል ነበር። እሳቸው በ1995 ሲያርፉ ጉዳዩ ገና ከንግግር አላለፈም፤ ልጃቸው ጁሊያ በእናታቸው ስም በሚጠራው ፋውንዴሽን በኩል ሥራውን ተረክበው ከዳር ለማድረስ ዐሥራ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው።

ይህን ያህል መቆየቱ አያስገርምም። ባለሀብቶች ማን ቀድሞ እጁን እንደዘረጋ ሳያዩ ኪሳቸውን አይፈቱም። ስለዚህ አሰባሳቢዎቹ በመጀመሪያ አንድ ትልቅ ለጋሽ ይይዛሉ፤ ከዚያም ከሚፈለገው ገንዘብ ብዙው ቃል እስኪገባ ድረስ ነገሩን በአደባባይ አያውጁም። መሪ ለጋሽ መገኘቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በሎስ አንጀለስ የዋልት ዲዝኒ ባለቤት ሊሊያን በ1987 ለኮንሰርት አዳራሽ 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ፤ ወጪው ግን እየናረ ሄዶ ሥራው በ1990ዎቹ አጋማሽ ቆመ። የመኪና ማቆሚያው አልቆ አዳራሹ ሳይጀመር ዓመታት አለፉ። በሩ የተከፈተው በ2003 ነው፤ ሊሊያን ግን በ1997 አርፈው ነበር።

ለጋሹ በምላሹ የሚያገኘው በዋናነት ስም ነው። ስሙ እስከ መቼ ይቆያል የሚለው ግን ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። በኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር በኤቨሪ ፊሸር ስም ይጠራ የነበረው አዳራሽ በ2015 የዴቪድ ጌፈን ሆነ። ጌፈን የሰጡት 100 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ማዕከሉም የፊሸር ቤተሰብ ስሙን እንዲለቅ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አንድ የልገሳ ተቋም የቀድሞ ለጋሹን ስም መልሶ የገዛበት ይህ ግብይት፣ ስጦታና ሽያጭ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ በግልጽ ያሳያል።

የአሜሪካ መንግሥትም ከሥዕሉ ውጪ አይደለም። ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ልገሳ ከግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ትልቅ ስጦታ ከፊሉ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ የነበረ ገንዘብ ነው። የሕዝብ ሀብት የት እንደሚውል የሚወስኑት ጥቂት ባለጸጎች ናቸው የሚለው ወቀሳ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ወቀሳው መሠረት አለው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን በ1966 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን አስረድተዋል። ፋብሪካ በአዳዲስ ማሽኖች በአነስተኛ ሠራተኛ ብዙ ያመርታል፤ አንድ ሲምፎኒ ግን ዛሬም የሚፈልገው ከመቶ ዓመት በፊት የፈለገውን ያህል ተጫዋችና ሰዓት ነው። የተጫዋቾቹ ደመወዝ ከሌላው ሙያ ጋር እኩል ማደጉ ስለማይቀር፣ ከትኬት የሚገኘው ገቢ ከወጪው ወደ ኋላ ይቀራል።

መፍትሔው ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ የሚወጣበት ቋሚ ገንዘብ ነው። በዓመት ከአራት እስከ አምስት በመቶ ማውጣት የተለመደ ነው፤ በዚህ ስሌት የካውፍማን ማዕከል 40 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኘው ከ1.6 እስከ 2 ሚሊዮን ያህል ነው። ለጽዳት፣ ለመብራት፣ ለጥበቃና ለጥገና የሚሆን ስጦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ በመብራት ሂሳብ ላይ ስሙ እንዲጻፍለት የሚሻ ባለሀብት የለምና። በዚያ ላይ ኦርኬስትራው፣ ኦፔራውና ባሌው የየራሳቸው ቦርድና የየራሳቸው የዓመት ልመና አላቸው፤ ማዕከሉም እነሱም የሚያንኳኩት በአብዛኛው የእነዚያኑ ቤተሰቦች በር ነው።