ሐኪም በሌለበት ተራራ

ከከተማ ርቆ የሚሰጥ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ሲባል፣ ጉዳተኛውን ወደ ሕክምና ተቋም ለማድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በሚፈጅ ሥፍራ የሚሰጥ ዕርዳታ ማለት ሲሆን፣ ከተለመደው የሚለየውም በዋናነት በጊዜው ርዝመት ነው። በከተማ ረጂው ደሙን አቁሞ አምቡላንስ ይጠብቃል፤ በሰሜን ተራሮች ግን ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ተጓዥ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ሊነጋ ስለሚችል፣ ረጂው ቁስል ከማሰር አልፎ ሕመምተኛውን ማሞቅ፣ መከታተልና ስለ ጉዞው መወሰን ይጠበቅበታል።

መሠረታዊው ሥልጠና ብዙውን ጊዜ 16 ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ የሠለጠነው ሰው ራሱ ሊጎዳ ስለሚችል፣ አብረው የሚጓዙ ሁሉ በጋራ ቢማሩት ይመረጣል። ልምምዱም በእጅ ባለው ነገር ነው፤ የተሰበረ እግር በተጣጠፈ ጋቢ ተደግፎ፣ ግራና ቀኙን በምርኩዝ ተይዞ፣ በነጠላ ይታሰራል። ከዚያም አሳሪው የእግር ጣቱን ጥፍር ተጭኖ ሲለቅ፣ የነጣው ጥፍር ከጤነኛው እግር ይልቅ ዘግይቶ ከቀላ፣ ወይም ጣቶቹ ከደነዘዙ፣ ማሰሪያው የደም ዝውውርን እያገደ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ይላላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ከሥር ማንጠፍን ነው፤ ብርድ ልብስ ከላይ ቢደራረብም ቀዝቃዛው መሬት የተኛውን ሰው ሙቀት ይወስዳልና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ሲሳሳ በኦክስጅን እጥረት የሚመጣው የከፍታ ሕመም ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ ደጋ ላይ መኖሩ ጥቂት ቢረዳውም፣ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው ራስ ዳሸን ዋስትና አይሆነውም። ቀላል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲኖር ከፍታ ሳይጨምሩ ማረፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሕመምተኛው የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተው ግን አንጎሉ እያበጠ፣ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረውም ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ዋናው መድኃኒት ሳይዘገዩ መውረድ ነው፤ ሕመምተኛውም ፈጽሞ ብቻውን አይላክም።

እጅግ የሚያሳዝነው፣ ይህ የመውረድ ውሳኔ በዕውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን በይሉኝታም ሊዘገይ መቻሉ ነው፤ ታማሚው ጓደኞቹን ላለማስቀረት ሕመሙን ይደብቃል፣ ጓደኞቹም ጫፉ ቀርቧል እያሉ ያበረታቱታል። ስለዚህ ጥሩ አሠልጣኝ፣ የመመለሻውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥና ከታማሚው ጋር ማን እንደሚወርድ ቡድኑ ከመነሻው እንዲስማማ ያደርጋል፤ በእግሩ መሄድ የሚችለውን ሁለት ሰው ደግፎ ሲያወርደው፣ መራመድ ያቃተውን ግን በዚያ ቁልቁለት በቃሬዛ ለማውረድ የመላው ቡድን ጉልበት እንኳ ላይበቃ ይችላል።