ጓሳን የጠበቀው ርቀቱ አይደለም

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ስለሚገኙት ስለ መሐል ሜዳ ከተማና ስለ ጓሳ ሣር ምድር ከሚነገረው ውስጥ ገሚሱን ፍቅር ያናገረው፣ ገሚሱን ችኮላ የወለደው ነው። ክፋት የለበትም። ግን መንገድ ሲታሰብ፣ ሎጅ ሲታቀድ፣ በጀት ሲያዝ ውሳኔውን የሚመራው ይኸው ወሬ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፉ ያስከፍላል።

«ጓሳ እጅ ያልነካው መሬት ነው»

ከሁሉም የሚጎዳው ተረት ይህ ነው። ከጣርማበር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣ መንገደኛ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋውን፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሣር፣ ጅብራውን፣ ገደል አፋፍ ላይ የሚግጠውን የጭላዳ መንጋ ሲያይ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እጅ ግን ነክቶታል። ጓሳ ለመንዝ ሰው የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክረምት ለብሰውት የሚወጡት ገሳ ነው። በድርቅ ዓመት ደግሞ የከብቱ ነፍስ ነው። ይህ ሁሉ እየታጨደና እየተጋጠ ነው እስከ ዛሬ የቆየው።

ያቆየው የቄሮ ሥርዓት ነው። (ከቅርብ ዓመታት የፖለቲካ ስም ጋር አይምታታብን፤ የመንዙ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገርለታል።) አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ ናቸው፤ ቦታው በሁለቱ ስም ተከፍሎ በአጽመ ርስት ባለመብቶች የጋራ ይዞታ ሥር ይተዳደር ነበር። ባለመብቶቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። ጓሳው ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሙሉ ይዘጋ ነበር። ሣሩ ደረሰ ወይም ችግሩ ጠና ሲባል የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ ይለፈፍ ነበር። መጀመሪያ ሣር አጫጁ፣ ተከትሎም ከብቱ ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ሰውም ከብትም ወጥቶ እንደገና ይዘጋ ነበር። ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነበር፤ ደፍሮ የገባ ይቀጣ ነበር።

ይህ ሥርዓት አንድ ጊዜ ተሰብሮ ታይቷል። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ አጽመ ርስቱ ቀረ፤ አባ ቄራውም ከሥልጣኑ ወረደ። መሬቱ እዚያው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ያለው ርቀትም አልተቀየረም፤ ግን ሁሉም ሊገባበት የሚችል ቦታ ሆነ። የአካባቢው ሰው በየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ መርጦ ኮሚቴ በማቋቋም ጥበቃውን እንደገና ባይጀምር ኖሮ ዛሬ የምናወራበት ጓሳ አይኖርም ነበር። በኋላ የአማራ ክልል በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ብሎ ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተራ ተመደበ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ከሰፈሩ በኋላ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። በአንደኛው ቦታ ሰው ወጥቶ፣ በሌላው ሰው ራሱ ዘብ ቆሞ። የትኛው እንደሚሻል በየአገሩ ይለያይ ይሆናል፤ መንዝ ላይ ግን ጠባቂውን ከተጠባቂው መለየት ቅርሱን ለሁለት መሰንጠቅ ነው።

«መንዝ የሚታይ ታሪክ የለውም»

ታሪክ ስንል አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ቀድመው የሚመጡብን ያለ ምክንያት አይደለም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን ቱሪዝም ከመሠረቱበትና «የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ካወጡበት ዘመን ጀምሮ ታሪካዊው የጉብኝት መስመር አውሮፕላን የሚያርፍባቸውን ከተሞች ተከትሎ ተሰመረ። መሐል ሜዳ በዚያ መስመር ላይ አልነበረችም። በመስመሩ አለመግባቷ ስለ ታሪኳ የሚናገረው ነገር የለም።

የሸዋ ነገሥታት ሐረግ፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክና እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሚወርደው፣ የሚመዘዘው ከመንዙ ነጋሲ ክርስቶስ ነው፤ መናገሻቸው አንኮበር የመጣው ኋላ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ለታተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የአማራን ባሕል ለመረዳት የመረጠው ይህንኑ አገር ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚሉት የጥንት ክፍሎች ዛሬም የወረዳ ስሞች ናቸው። ሴቶቹ የፈተሉት፣ ወንዶቹ የሸመኑት የበግ ጠጉር ባና ዛሬም ገበያ ይወጣል። ቅርስ ማለት የግድ የቆመ ሐውልት ካልሆነ መንዝ ባለጸጋ ነው።

ለአሮጌዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ «ሲታደሱ ያምርባቸዋል» የሚል ሌላ ተረት አለ። በሲሚንቶና በቆርቆሮ የታደሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ሕንፃ ነው፤ አሮጌው የለም። ምእመናን በበጎ ልብ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዲገኝ ያዛል። ከግንበኛው በፊት የቅርስ ባለሙያ ይጠራ።

«ቀይ ቀበሮ በግ ይፈጃል»

ጅብና ተራ ቀበሮ በግ ይወስዳሉ፤ ወቀሳው ግን ለቀይ ቀበሮውም ይተርፋል። የቀይ ቀበሮ ምግብ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ምርምር እንዳሳየው፣ ሣር በሚግጥ የጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን 25 ብቻ። አብሮት ካለው የጭላዳ መንጋ ግልገል ነጥቆ ራሱን የሚያስባርረው ከስንት አንዴ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሶች ከ500 ያነሱ ናቸው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው። እሱን ከሚጨርሱት ዋና ዋና አደጋዎች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ለቱሪስት የሚታይ ቀበሮ እንዲኖር የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የመንደር ውሾች መከተባቸውን ይጠይቅ።

«ጎብኚ በበዛ ቁጥር ገንዘብ ይበዛል»

ጠዋት ከከተማ ምሳውን ቋጥሮ መጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ማታ የሚመለስ ሰው ለመንዝ ትቶት የሚሄደው አቧራና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ገንዘብ የሚቀረው ማኅበረሰቡ በሚያስተዳድረው ማረፊያ ካደረው፣ አስጎብኚ ከቀጠረው፣ በቅሎ ከተከራየው፣ ባና ከሸማኔው እጅ ከገዛው ነው። መቆጠር ያለበት የመኪና ብዛት ሳይሆን የታደረው ሌሊት ነው።

ቁጥሩ ሌላም ዕዳ አለው። በዚያ ብርድ እሳት ይነዳል፤ ማገዶው ከጓሳው ቁጥቋጦ ከተለቀመ አይጡ መጠለያ ያጣል፤ አይጥ ካነሰ ቀበሮው ይራባል። ቁጥቋጦውና ሣሩ ይዘው የሚያቆዩት ውሃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለአንድ ምሽት ሙቀት የሚከፈለው ይህ ነው።

የመጨረሻው ተረት በስብሰባ ላይ በጣም ይወደዳል፦ «ቱሪዝም ከሌለ ቅርሱን የሚጠብቀው የለም።» በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። ቅርሱ በጎብኚ ገንዘብ ብቻ የቆመ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ዓመታት ተዘግቶ የሚቀር ቤት በሆነ ነበር። ጓሳ ግን ቱሪስት የሚባል ሳይኖር ዘመናት ተጠብቋል። የቱሪዝም ገቢ ለጠባቂው ጉርሻ ሊሆን ይችላል፤ ደመወዙ ከሆነ ግን ጎብኚው በቀረ ቀን ጠባቂውም ይቀራል።

ስለዚህ ጎብኚውም እንደ ሣር አጫጁ በሥርዓቱ ሥር ይግባ። የሚዘጋበት ወራት፣ የሚገባው ሰው ልክ፣ የሚነድ እሳት፣ የመግቢያው ክፍያ አከፋፈል በአካባቢው ተወካዮች ይወሰን፤ ኢንቨስተርም ሆነ ቢሮ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እርስዎም መንገዱ ሰላም ሆኖ መሐል ሜዳ ለመሄድ ሲነሱ ሁለት ሌሊት ለማደር ያቅዱ፣ ውሻዎን ቤት ይተዉ፣ የማብሰያ ጋዝ ይያዙ፤ ተዘግቷል ካሉዎት ደግሞ አይከራከሩ።