የወይኑ አመዳይና በውስጡ የሚያድረው ጠላቱ

በኢየሩሳሌም ዝናሙ አልፎ በጋው ሲጠና፣ በየቅጥሩ ላይ በተዘረጋው የወይን ሐረግ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል። ተሳላሚው የመንገድ አቧራ መስሎት ያልፈዋል። አቧራ ግን አይደለም፤ አመዳይ የተባለው የፈንገስ በሽታ ነው። ጉዳቱ በቅጠል ብቻ ቢወሰን ኖሮ ባላሳሰበ፤ ነገር ግን የፍሬውን ቆዳ እንዳያድግ ስለሚይዘው ፍሬው ሲሞላ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀውም ይበሰብሳል። እንዲህ ካለው ዘለላ ደግሞ ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ አይገኝም።

በሽታው ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሲሆን በአውሮፓ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዝ አገር ነው። ከዚያ ወዲህ የወይን ገበሬ የታመነው በድኝ ነው። ድኝ ይሠራል፤ ሆኖም በብርቱ ሙቀት ቅጠሉን ያቃጥላል፣ የሚረጨውንም ሰው ዓይን ይቆጠቁጣል።

ሌላው መንገድ ፈንገስን በፈንገስ መዋጋት ነው። አምፔሎማይሲስ የተባለው ደቂቅ ፈንገስ የአመዳዩን ቀጫጭን ክሮች በስቶ ይገባል፤ በውስጣቸው እየተመገበ ያድጋል፤ አመዳዩ ዘሩን ሊያፈራ በሚገባው ስፍራ እርሱ የራሱን ዘር ያፈራል። ወይኑን አይነካውም። ከዝርያዎቹ መካከል ለገበያ የበቃውና «ኤ ኪው ቴን» የሚባለው የተገኘው በዚሁ በእስራኤል ምድር ነው፤ የተወሰደውም አመዳይ ከያዘው የጫት ተክል ላይ ነው። በአገራችን ካህናት ዘንድ ስንት ወቀሳ የሚቀበለው ጫት፣ ለወይን ጠባቂ የሚሆን እንግዳ በቅጠሉ ላይ አሳድሮ መገኘቱ ያስገርማል።

ችግሩ ያለው በውኃው ላይ ነው። አመዳይ ዝናም ሳይሻ በደረቁ በጋ ይስፋፋል፤ ጠላቱ ግን ለመብቀል እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ በቀትር የተረጨው ከንቱ ሆኖ ይቀራል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ የሌሊቱ ጠል ሊወርድ ሲል የተረጨው ግን ይይዛል። ነጩ ነገር ቅጠሉን ሁሉ ከሸፈነ በኋላም ብዙ አይረዳም። ድኝ ፈንገስ ገዳይ ስለሆነ ከዚህ ሕያው ዝግጅት ጋር አብሮ አይረጭም።

ለአንድ ግቢ ወይን የሚሻለው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አስቀድሞ የተደራረበውን ቅጠል አሳስቶ አየርና ፀሐይ እንዲገባ ማድረግ፣ በሽታው ጥቂት ነጠብጣብ ሆኖ ሳለ ደቂቁን ፈንገስ መርጨት፣ ድኙንም ነገሩ ከእጅ ለወጣበት ጊዜ ማቆየት ነው። ምርመራው ቀንበጡ ስንዝር ያህል ሲሆን ይጀመር፤ የቅጠሉንም ሥር ገልብጦ ማየት አይዘንጋ።