ከተማውና መዓርጉ፦ ስለ ሎጂስቲክስ ተንታኝ ደመወዝ የሚታመነውና እውነቱ

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ እሑድ፣ ቅዳሴው ተፈጽሞ በአዳራሹ ጠበል ጸዲቅ በመቅመስ ላይ ሳለን፣ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ያደገ የወዳጄ ልጅ ሁለት የቅጥር ደብዳቤዎች ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሳን ፍራንሲስኮው ደመወዝ ይበልጣልና ልሂድ ብዬ ነበር፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ደብዳቤዎቹ ሁለቱም ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመጡ ነበሩ፤ ሥራውም አንድ፣ የሎጂስቲክስ ተንታኝነት፣ ይኸውም አባቶቻችን ስንቅና ጓዝ ይሉት የነበረው ነገር ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ በስንት ቀንና በስንት ወጪ እንደሚደርስ በቁጥር የመመርመር ሥራ ነው፤ መዓርጉም በፌዴራል መንግሥቱ የደመወዝ ሠንጠረዥ በሁለቱም ጂ ኤስ 11 ነበር። ልዩነቱ የዋሽንግተኑ 82,764፣ የሳን ፍራንሲስኮው 90,310 ዶላር መሆኑ ነው።

ልጁ እንደ ብዙዎቻችን የሚያምነው፣ መንግሥት ለሳን ፍራንሲስኮ ሠራተኛ አብልጦ የሚከፍለው የከተማይቱን የቤት ኪራይና የምግብ ዋጋ ተመልክቶ እንደ ሆነ፣ ስለዚህም ጭማሪው የኑሮውን ውድነት ሸፍኖ ለሠራተኛው ትርፍ እንደሚያስቀር ነበር። ይህ እምነት ለሰሚው የሚጥም ቢሆንም ከሕጉ ጋራ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውና የአካባቢ ጭማሪውን ከጥር 1994 ጀምሮ ያስከፈለው ሕግ የሚመዝነው የእንጀራን ዋጋ ሳይሆን የሥራን ዋጋ ነው፤ ይኸውም በዚያው አካባቢ የሚገኙ ከፌዴራል መንግሥት ውጭ የሆኑ ቀጣሪዎች ለተመሳሳይ ኀላፊነት የሚከፍሉት ደመወዝ ተጠንቶ፣ መንግሥት ከእነርሱ እጅግ ወደ ኋላ እንዳይቀር ጭማሪው ይወሰናል። በዚህ ሥርዓት በ2024 በጂ ኤስ 11 የ62,107 ዶላር መነሻ ደመወዝ ላይ ለዋሽንግተን አካባቢ 33.26 በመቶ፣ ለሳን ፍራንሲስኮ 45.41 በመቶ፣ የራሳቸው ተመን ላልተለየላቸው ቀሪ ሥፍራዎች ደግሞ 16.82 በመቶ ተጨመረ። ለነገሩ ዋና ምስክር የምትሆነው ሂውስተን ናት፤ ከዋሽንግተን ይልቅ ቤት በርካሽ የሚገኝባት ይህች ከተማ በጭማሪው ግን ዋሽንግተንን ትበልጣለች፤ በዚያ ያሉ የግል ኩባንያዎች ለሠራተኛ የሚከፍሉት ከፍ ያለ ነውና።

ይህን ካስረዳሁት በኋላ ሒሳቡን በራሱ እጅ እንዲሠራው ስለ ፈለግሁ፣ ልጁ ስልኩን አውጥቶ የሁለቱን ደመወዝ ልዩነት፣ 7,546 ዶላሩን፣ በዓመቱ 26 የክፍያ ቀኖች አካፈለው። በየሁለት ሳምንቱ 290 ዶላር ገደማ ወጣ፤ ያውም ታክስ ሳይቀነስለት። የሳን ፍራንሲስኮን ኪራይ የጠየቀ ሰው ይህ ገንዘብ ገና ከበሩ ሳይገባ እንደሚያልቅ ያውቀዋል፤ ልጁም በስልኩ ላይ የወጣውን ቁጥር እያየ ጥቂት ጊዜ ዝም አለ።

ስለ «አማካይ ደመወዝ» የሚነገረውም እንዲሁ ማስተዋል ይሻል። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2024 ያወጣው 80,880 ዶላር፣ ሠራተኞቹ ሁሉ እንደ ደመወዛቸው መጠን በተራ ቢሰለፉ በመካከል የሚቆመው ሰው ያገኝ የነበረው ነው፤ ቢሮውም ተንታኙን ለብቻው ሳይለይ ከሎጂስቲክስ ባለሙያዎች ሁሉ ጋራ ይቆጥረዋል። በሰልፉ ግርጌ ያለው ከዐሥር አንዱ እጅ ከ50 ሺህ ዶላር በታች ሲያገኝ፣ በራስጌው ያለው ከዐሥር አንዱ እጅ ከ125 ሺህ በላይ ያገኝ ነበር። እንግዲህ ያን አንድ ቁጥር ይዞ እንደሚከፈለው ደመወዝ የሚቆጥረው ጀማሪ ራሱን ያታልላል።

ከሁሉ ይልቅ የማዝንበት ግን ስለ ልምድ የሚታመነው ነው። ወገኖቻችን ታጋሾች ስለሆኑ፣ በአንድ ወንበር ላይ ዓመታትን ማሳለፍ ብቻውን ደመወዝን የሚያሳድግ ይመስላቸዋል። እርግጥ በእያንዳንዱ መዓርግ ውስጥ 10 ደረጃዎች አሉ፤ ነገር ግን እስከ አራተኛው ደረጃ በየዓመቱ፣ ከዚያ እስከ ሰባተኛው በየ2 ዓመቱ፣ ከዚያም እስከ ዐሥረኛው በየ3 ዓመቱ ስለሚኬድ፣ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ከመጨረሻው ለመድረስ 18 ዓመት ያስፈልጋል። በ2024ቱ ሠንጠረዥ በዋሽንግተን የጂ ኤስ 11 ዐሥረኛ ደረጃ 107,590 ዶላር ነበር፤ ይህም ማለት 18 ዓመት የሚያስገኘው ጭማሪ 24,826 ዶላር ነበር። በዚያው ከተማ ወደ ጂ ኤስ 12 የተሻገረ ሰው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ብቻ 99,200 ዶላር ያገኝ ነበር፤ ለዚህም በሕግ የሚጠየቀው የቆይታ ጊዜ 52 ሳምንት ሲሆን፣ የሥራ ብቃቱና የተፈቀደው ቦታ ሲገኙ ከጂ ኤስ 11 መጀመሪያ ደረጃ የ16,436 ዶላር እድገት ነበር። ልምድ የሚከፈለው በተቈጠረው ዓመት መጠን ሳይሆን በተሰጠው ኀላፊነት መጠን ነውና፣ የዕቃ መዘግየትን መዝግቦ ከሚያሳውቅ ተንታኝ ይልቅ መዘግየቱ ከየት እንደ መጣ መርምሮ መንገዱ እንዲለወጥ የሚያደርግ ተንታኝ ከፍ ያለውን መዓርግ ይይዛል።

ስለዚህ ልጁን፣ «የከተማውን ስም ተወውና፣ ሥራው የወጣባቸውን ማስታወቂያዎች አምጣልኝ» አልሁት። በእነዚህ ማስታወቂያዎች ላይ ቦታው እስከ ስንተኛው መዓርግ እንደሚያድግ የሚገልጽ አንድ አጭር መሥመር አለ፤ ብዙ አመልካች ደመወዙን አይቶ እርሱን ሳያነብ ያልፈዋል። ማስታወቂያዎቹን ከስልኩ ፈልጎ ጎን ለጎን አነበብናቸው፤ የሳን ፍራንሲስኮው በ11 ይቆማል፣ የዋሽንግተኑ እስከ 12 ያድጋል። ልጁ ማክሰኞ የዋሽንግተኑን ፈረመ።