የጉብኝት ቪዛ ለተማሪዎች፦ ከመክፈላችን በፊት ማወቅ ያለብን

በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ወላጆች ከልጆቻቸው ውጤት ቀጥሎ አዘውትረው የሚጠይቁን አንድ ጉዳይ አለ። «ልጄ ካናዳ እየተማረ ነው። እህቱ ደግሞ አሜሪካ ናት። ድንበሩ እዚያው አይደል? ለእረፍት ብቅ ብሎ ለምን አያያትም?» ይላሉ። ጥያቄው የናፍቆት ነው፤ ቤተሰቡ በየአገሩ የተበተነበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መልሱ ግን ከመንገዱ ይልቅ ከወረቀቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዛሬ በዚሁ ላይ ጥቂት እንበል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁሉም በአንድ በር አልገባም

በመጀመሪያ ልጁ ካናዳ የገባው በምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ከ1978 ጀምሮ በሚሠራው የዉስክ የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም የሄዱት ልጆች ካናዳ ሲደርሱ ቋሚ ነዋሪ ናቸው። ሌሎቹ ፓስፖርት ይዘው፣ ትምህርት ቤት ተቀብሏቸው፣ በትምህርት ፈቃድ የገቡ ናቸው። የእነዚህኞቹ ፈቃድ ጊዜው የተወሰነ ነው።

ወደ አሜሪካ ለመሻገር ግን ሁለቱም ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። የካናዳ ቋሚ ነዋሪ መሆን የካናዳ ዜጋ መሆን አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ዋናው ጥያቄ፦ ትመለሳለህ ወይ?

አሜሪካን ለመጎብኘት የሚፈልግ ተማሪ ዲ ኤስ 160 የሚባለውን ፎርም በኢንተርኔት ይሞላል፣ ይከፍላል፣ ቀጠሮ ይዞ ለኢንተርቪው ይቀርባል። ክፍያው ከጁን 2023 ጀምሮ 185 ዶላር ሲሆን ተጨማሪ ክፍያ ሊመጣ ስለሚችል በቅድሚያ ማጣራት ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም።

ኢንተርቪው ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ መሠረት ቆንስሉ የጉብኝት ቪዛ የሚጠይቀውን ሰው ሁሉ «ይህ ሰው እዚያው ሊቀር ነው» ብሎ ይጀምራል። ተቃራኒውን ማሳየት ያለበት አመልካቹ ነው። ታዲያ ተማሪው ምን ያሳያል? ያላለቀ ትምህርቱን ነው። የትምህርት ፈቃዱ ገና ጊዜ ያለው መሆኑን፣ የተመዘገበበትን ማስረጃ፣ ውጤቱን፣ ቀጣዩ ሴሚስተር የሚጀምርበትን ቀን፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚችል። ለአንድ ሳምንት እረፍት እሄዳለሁ የሚል ተማሪ ሐሳቡ ይያዝለታል። ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ወር የቀረው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ግን ይቸገራል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚላክ የጥሪ ደብዳቤስ? ለአሜሪካ ጉብኝት ቪዛ ደብዳቤው ግዴታ አይደለም፣ ውሳኔውንም አይለውጥም። የሚመዘነው አመልካቹ ራሱ ነው። ስለዚህ «ጠንካራ ጥሪ አሠራለሁ» ለሚል ደላላ ብር መላክ ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

በቅርብ ዓመታት የተለወጠው

ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት አመልካቾች በዜግነታቸው ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲያመለክቱ አዟል። ካናዳ የሚማር ልጅ እዚያ እንደሚኖር በፈቃዱ ማሳየት ይችላል፤ ወረፋ አጭር ነው ተብሎ ወደ ሌላ አገር መሮጥ ግን አያዋጣም። ሁለተኛ፣ በጁን 2025 የወጣው አዋጅ የኤርትራን፣ የሶማሊያንና የሱዳንን ጨምሮ የአንዳንድ አገሮችን ዜጎች ከጥቂቶች በስተቀር ከልክሏል። አዋጁ የሚያየው ዜግነትን እንጂ የሚኖሩበትን አገር አይደለም። ዝርዝሩ ከዚያ በኋላም ስለተለወጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት የራሱን አገር ማየት አለበት።

መመለሻውንም ማሰብ

መሄዱን ብቻ አስቦ መመለሻውን የሚረሳ አለ። የትምህርት ፈቃድ ካናዳ ውስጥ ለመማር እንጂ ወደ ካናዳ ለመግባት የሚሰጥ ቪዛ አይደለም። አሜሪካ ብቻ ደርሶ የሚመለስ ተማሪ ፈቃዱና ፓስፖርቱ ካልተቃጠሉ የካናዳ መግቢያ ቪዛው ቢያልቅም መግባት ይፈቀድለታል። ነገር ግን ከአሜሪካ አልፎ እናቱን ለማየት ኬንያ ቢመጣ ይህ አይሠራም፤ አዲስ መግቢያ ቪዛ ይጠየቃል። ፈቃዱ ትምህርት ላይ መሆንን ስለሚያስገድድ ጉዞው በትምህርት ቤቱ መደበኛ እረፍት ቢሆን ይመረጣል።

እውነቱን መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ውሸት ነው። ፎርሙ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክሎ እንደሆነ፣ ማንም ለኢሚግሬሽን ማመልከቻ አስገብቶለት እንደሆነ ይጠይቃል። «እህት አለኝ ካልኩ ይከለክሉኛል» ብሎ መካድ አለ። እኛ ካምፕ የቆየን ሰዎች ደግሞ የቤተሰብ ዝርዝራችን በሪሴትልመንት ፋይሎች ውስጥ ተጽፏል፤ እህቲቱ በዚያ መንገድ ሄዳ ከሆነ የወንድሟ ስም እዚያ ይኖራል።

በ214 ቢ የተከለከለ ሰው ሁኔታው ሲለወጥ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ይችላል። በማታለል የተያዘ ግን አሜሪካ ዕድሜ ልክ ልትከለክለው ትችላለች፤ ካናዳም በበኩሏ ለእሷ የሐሰት መረጃ ለሰጠ ሰው የ5 ዓመት ክልከላ አላት። ለአንድ ሳምንት ጉብኝት ሲባል የዓመታት ትምህርት አደጋ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

እናትስ ወደ ልጇ?

አንዳንድ እናቶች «እኔስ በጉብኝት ሄጄ ልጄን ባየው?» ይላሉ። ሕጉ አይከለክልም። የካናዳ ጉብኝት ቪዛ ማመልከቻ 100፣ የጣት አሻራና ፎቶ 85 የካናዳ ዶላር ነው። ነገር ግን ለስደተኛ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፣ ለአሻራው ናይሮቢ መውረድ አለ፣ ለዚያ ደግሞ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ዋናው ጥያቄ ያው ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ትመለሻለሽ ወይ? ሥራና ንብረት ለሌለው የካምፕ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። የልጁ ጥሪ ደብዳቤ እዚህ ይጠቅማል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

ስለዚህ የጉብኝት ቪዛ ሪሴትልመንት አይደለም። በገንዘብ «ጨርሼ እሰጣችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ውሳኔው በቆንስሉ እጅ እንጂ በእሱ ኪስ እንዳልሆነ እናስታውስ። ልጆቻችሁ ስልክ ሲደውሉ ይህን ንገሯቸው፦ ፎርሙን ራሳቸው ይሙሉ፣ እውነቱን ይጻፉ፣ ትምህርታቸውን አይልቀቁ። የናፈቁትን ለማየት ያበቃን።