መልሱ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሒሳብን መሥራት አንድ ሙያ ነው፤ የሠሩትን ሒሳብ መመርመር ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አለመድነውም ለማለት አያስደፍርም። የስታቲስቲክስ መልመጃ እንደ ጨረስን ወዲያው የመጽሐፉን መጨረሻ ገልጠን በዚያ ከታተመው መልስ ጋር እናስተያያለን፤ ከገጠመ ደስ ብሎን እናልፋለን፤ ካልገጠመም እስኪገጥም ድረስ ቁጥሩን እናገላብጣለን። ነገር ግን በፈተና ቀን የመልስ ገጽ አይሰጠንም፤ ሥራ በያዝን ጊዜም ትክክለኛውን መልስ አትሞ የሚጠብቀን መጽሐፍ የለም። ስለዚህ መልሱን ከራሱ ከጥያቄው ተነሥቶ ለመመርመር የሚቻልበትን መንገድ በአጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቀላል ምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ከሰኞ እስከ ዓርብ ተማሪዎች የተዋሷቸው መጻሕፍት ብዛት በየቀኑ 12፣ 15፣ 11፣ 18፣ 14 ነው እንበል። የተጠየቅነውም አማካዩን፣ ሚዲያኑንና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ነው።

በመጀመሪያ አማካዩን እንመልከት። የአምስቱ ቁጥሮች ድምር 70 ስለ ሆነ፣ ለ5 ሲካፈል 14 ይሆናል። ይህ መልስ ሁለት ምስክሮች አሉት። አንደኛው፣ አማካይ ምን ጊዜም ከትንሹ ቁጥር የማያንስ፣ ከትልቁም የማይበልጥ መሆኑ ነው፤ ከ11 በታች ወይም ከ18 በላይ ያገኘ ተማሪ የመልሱን ገጽ ሳይገልጥ መሳሳቱን ያውቃል። ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይልቅ ጥብቅ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ አማካዩን ብንቀንስ −2፣ 1፣ −3፣ 4፣ 0 እናገኛለን፤ እነዚህም ሲደመሩ ዜሮ ይሆናሉ። አማካይ እንደ ሚዛን ነውና፣ በአንድ ወገን ያለው ጕድለት በሌላው ወገን ካለው ትርፍ ጋር እኩል ካልሆነ አንድ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ሚዲያን የሚባለው ቁጥሮቹ ከትንሹ ወደ ትልቁ ከተደረደሩ በኋላ መካከል ላይ የሚውለው ነው። ሳይደረድር፣ በጥያቄው እንደ ተጻፈው ሦስተኛውን ቁጥር የወሰደ ተማሪ 11 ብሎ ይመልሳል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከመልሱ በታች ስንት ቁጥሮች አሉ? ከበላዩስ? ከ11 በታች አንድም የለም፤ ከበላዩ ግን አራት አሉ። እንግዲህ ይህ መካከል ሊባል አይችልም። ቁጥሮቹ 11፣ 12፣ 14፣ 15፣ 18 ተብለው ሲደረደሩ ግን ከ14 በታች ሁለት፣ ከበላዩም ሁለት ይገኛሉ።

ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ቁጥሮቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደ ተበተኑ የሚለካ ነው። ቀደም ብለን ያገኘናቸውን ልዩነቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ስናበዛ 4፣ 1፣ 9፣ 16፣ 0 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 30 ነው፤ ለ5 ሲካፈል 6 ይሆናል። ይህም ቫሪያንስ ይባላል። የ6 ስኩዌር ሩት 2.45 ያህል ነው። ለማረጋገጥ በሌላ መንገድ እንሂድ። የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በራሳቸው አብዝተን ብንደምር 1010 እናገኛለን፤ ለ5 ሲካፈል 202 ነው፤ ከዚህ ላይ 14 በ14 ተባዝቶ የሚሰጠውን 196 ብንቀንስ እንደ ገና 6 ይቀራል። ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ቦታ ካደረሱን ልባችን ያርፋል።

እዚህ ላይ የመልሱ ገጽ 2.45 በማለት ፈንታ 2.74 ቢል መደንገጥ አያስፈልግም። አምስቱ ቀኖች ልናውቃቸው የምንፈልጋቸው ቀኖች ሁሉ ከሆኑ 30ን ለ5 እናካፍላለን፤ ከብዙ ቀኖች መካከል የተወሰዱ ናሙና ከሆኑ ግን ከብዛታቸው አንድ ቀንሰን ለ4 እናካፍላለን። ስለዚህ ሁለቱም መልሶች ለየጥያቄያቸው ልክ ናቸው። መልስ አልገጠመም ማለት ሁልጊዜ ስሌቱ ተበላሽቷል ማለት ሳይሆን፣ ጥያቄው እንደ ገና ይነበብ ማለት ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምስክሮች የሚያውቁት የነገርናቸውን ብቻ ነው። 18 የሚለውን ቁጥር በችኮላ 81 ብለን ብንገለብጥ ድምሩ 133፣ አማካዩም 26.6 ይሆናል፤ ልዩነቶቹ ሲደመሩ አሁንም ዜሮ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከምርመራ ሁሉ የሚቀድመው ቁጥሮቹን ከምንጫቸው ጋር ማስተያየትና ብዛታቸውን መቍጠር ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው።

ይህ የተማሪ ነገር ብቻ እንዳይመስለን። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቃውንት የመንግሥት ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ የበለጠ አገሮች ዕድገት በአማካይ ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ መሆኑን ጻፉ። ጽሑፉም በልዩ ልዩ አገሮች በመንግሥት በጀት ክርክር ይጠቀስ ነበር። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ በአምኸርስት ይማር የነበረ ቶማስ ሄርንደን የተባለ ተማሪ ግን ለክፍል ሥራ ይህንኑ ስሌት ደግሞ ሊሠራው ቢሞክር አልገጠመለትም። ሊቃውንቱ የላኩለትን ሰንጠረዥ ሲመረምር በኮምፒዩተሩ ስሌት ከ20 አገሮች 15ቱ ብቻ ገብተው አውስትራሊያ፣ ኦስትሪያ፣ ቤልጂየም፣ ካናዳና ዴንማርክ መቅረታቸውን አየ። በ2013 ከሁለት መምህራን ጋር ባወጣው ጽሑፍ ይህን ስሕተትና ሌሎች የስሌት አካሄዶችን አርሞ አማካዩ 2.2 በመቶ መሆኑን አሳየ። ሊቃውንቱ በሌሎቹ ነጥቦች ቢከራከሩም አገሮቹ መዘለላቸውን አምነዋል። መኪናው መደመርም ማካፈልም አልተሳነውም፤ የጐደለው ስንት አገሮች እንደ ገቡ የሚቈጥር ሰው ነበር።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ መልመጃችንን ስንጨርስ ቁጥሮቹ በሙሉ መግባታቸውን እንቍጠር፤ መልሱ በትንሹና በትልቁ መካከል መዋሉን እንይ፤ ቢቻል በሁለተኛ መንገድ እንሥራው፤ ከዚያ በኋላ የመልሱን ገጽ እንግለጥ። ወላጆቻችንም ደብተራችንን በሚያዩበት ጊዜ «ስንት አገኘህ? ስንት አገኘሽ?» ብቻ ሳይሆን «ልክ መሆኑን በምን አወቅህ? በምን አወቅሽ?» ብለው ቢጠይቁን ትልቅ እርዳታ ይሆነናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ ሒሳቡን በእውነት ዐውቆታል።